የፈረስ እሽቅድምድም ኮሜዲ፦ «ዘ ጋሎፒንግ ሜጀር»ን (1951) ያያችሁ አላችሁ?

ጥቁርና_ነጭ

ሰላም ቤተሰቦች። ሰሞኑን የማመሸው ከ1950ዎቹ የፈረስ እሽቅድምድም ኮሜዲዎች ጋር ነው፤ ከሁሉም ልቤን የወሰደው «ዘ ጋሎፒንግ ሜጀር» የሚባለው የእንግሊዞች ፊልም ሆነ። በ1951 የወጣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ዛሬ ስሙን የሚያነሳው ሰው ጥቂት መሆኑ ይቆጨኛል፣ ሳቁ ገና ትኩስ ነውና።

ሻለቃ አርተር ሂል ከሠራዊቱ በጡረታ ተገልሎ ለንደን ዳር ባለ ሰፈር የቤት እንስሳት መሸጫ ሱቅ ከፍቷል። ፈረስ ነፍሱ ነው፤ ገንዘብ ግን የለውም። ሞንታና ሚስ የምትባል የእሽቅድምድም ፈረስ ለጨረታ ልትቀርብ መሆኑን ሲሰማ ሰፈሩን ያስተባብራል፦ ሦስት መቶ ድርሻ፣ ለአንዱ ድርሻ አንድ ፓውንድ። ገንዘቡ ሞላ። ሻለቃው የሰፈሩን አደራ ይዞ ጨረታው ቦታ ሄደ፤ በግርግሩ መሀል ግን ሞንታና ሚስ ለሌላ ሰው ሄዳ፣ እሱ ፋዘርስ ፎሊ የሚባል ሌላ ፈረስ ገዝቶ ተገኘ። ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ሲሮጥ የማይረባ ፈረስ ነው። መሰናክል ሲያጋጥመው ግን ሌላ ፍጡር ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሰፈርተኛው ሁሉ ዓይኑን ግራንድ ናሽናል በሚባለው ትልቁ የእንግሊዞች የመሰናክል እሽቅድምድም ላይ ይጥላል። የፈረሱም ስም ተቀይሮ «ዘ ጋሎፒንግ ሜጀር»፣ «የሚጋልበው ሻለቃ» ይባላል። መጨረሻውን አልነግራችሁም።

ሻለቃውን የሚጫወተው ባዚል ራድፎርድ ነው። በ1938ቱ «ዘ ሌዲ ቫኒሽስ» ውስጥ አገር ሲታመስ የክሪኬት ውጤት ካልነገራችሁኝ ከሚሉት ሁለት እንግሊዛውያን አንዱ ነበር። እዚህም አይጮህም፣ አይወራጭም፣ ሳቅ ለማምጣት ፊቱን አያጣምምም። የተሳሳተ ፈረስ ገዝቶ የቆመ ሰው ክብሩን ጠብቆ መቆም ሲሞክር ብቻ እናያለን፤ ያ ይበቃል። ራድፎርድ ፊልሙ በወጣ በዓመቱ፣ በ1952 ዐረፈ።

የኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ እሽቅድምድሙ ሰበብ ነው። ዋናው ነገር ገንዘቡን ያዋጣው ሰው ነው። የፈረስ አንድ ሦስት መቶኛ ያለው ሁሉ የሙሉ ፈረስ ባለቤት ሆኖ ይሰማዋል፤ ስለ አመጋገቡም፣ ስለ ጋላቢውም፣ ስለ አየሩም አስተያየት አለው። እናንተስ ምን ትላላችሁ? የምትጨምሩት ፊልም ካለ ወዲህ በሉት።

ሶስና_ለንደን

ወንድሜ፣ ይህን ፊልም በአማርኛ የሚያነሳው ሰው ይገኛል ብዬ አልጠበቅኩም። እጅህ ይባረክ።

ዳይሬክተሩን ሳትጠራው አለፍክ። ሄንሪ ኮርኔሊየስ ይባላል፣ ትውልዱ ደቡብ አፍሪካ ነው። በ1949 «ፓስፖርት ቱ ፒምሊኮ»ን ለኢሊንግ ስቱዲዮ ሠራ፤ ራድፎርድ እዚያም አለ። ከዚያ ከኢሊንግ ወጥቶ፣ የስቱዲዮው የማስታወቂያ ኃላፊ ከነበረው ከሞንያ ዳኒሼቭስኪ ጋር ይህን የፈረስ ፊልም ሠራ። በ1953 ደግሞ ከብራይተን ለንደን በአሮጌ መኪና የሚሽቀዳደሙበትን «ጄኔቪቭ»ን አመጣ። ሦስቱን አከታትሎ ላየ ሰው ልምዱ ግልጽ ነው፦ ተራ ሰዎችን ይወስድና ከአቅማቸው በላይ የሆነ ነገር ያስጨብጣቸዋል፣ ከዚያ እንዴት እንደሚይዙት ያያል።

ዘመኑንም ማወቅ ይጠቅማል። በ1951 እንግሊዝ ጦርነቱን ካሸነፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል፣ ሥጋ ግን ገና በራሽን ነው። ራሽን ሙሉ በሙሉ የቀረው በሐምሌ 1954 ነው። ዛሬ እዚህ ከተማ በየመንገዱ የምናየው የውርርድ ቤት ያኔ የለም። ከእሽቅድምድም ሜዳ ውጪ በጥሬ ገንዘብ መወራረድ ክልክል ነበር፤ የውርርድ ቤቶች በሕግ የተከፈቱት በግንቦት 1961 ነው። ስልክና ዱቤ ያለው ሀብታም በስልክ ይወራረዳል። ሠራተኛው ግን ገንዘቡን በወረቀት ጠቅልሎ፣ ከፖሊስ ተደብቆ፣ በየመንደሩ ለሚዞር ተላላኪ ይሰጣል። እንግዲህ አንድ ፓውንድ አውጥቶ የፈረስ ባለቤት መሆን ለዚያ ሠራተኛ ምን ማለት እንደነበር አስቡት። ባለቤትነት ማለት የመኳንንት ነገር ነበር።

ደራሽ

የግርጌ ጽሑፍ አለው? እንግሊዝኛቸው ይፈጥንብኛል።

ጥቁርና_ነጭ

@ደራሽ እኔ ያየሁት የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ ያለውን ነው፤ የአማርኛ አላገኘሁም። ግን ንግግሩ ቢያመልጥህም የጨረታውን ትዕይንት ለመረዳት ቋንቋ አያስፈልግህም።

@ሶስና የራሽኑን ነገር ስላመጣሽው አመሰግናለሁ። ሰዎቹ ለዚያ ፈረስ ለምን እንደዚያ እንደሚንሰፈሰፉ አሁን ይበልጥ ገባኝ።

የፒያሳው

የኔ ምርጫ ፈረስ አይደለም፣ በቅሎ ነው። 1951 ላይ ሆሊውድም «ፍራንሲስ ጎዝ ቱ ዘ ሬስስ» የሚል ፊልም አውጥቷል። ፍራንሲስ የሚናገር በቅሎ ነው። ከጓደኛው ከዶናልድ ኦኮነር በቀር ከማንም ጋር ማውራት አይፈልግም፤ ፈረሶቹ ግን ሚስጥራቸውን ያጫውቱታል። እሱም የትኛው እንደሚያሸንፍ ለጓደኛው ይነግረዋል። ውርርዱ ሁሉ ሲሰምርለት ደግሞ ወንበዴዎችም ሕግ አስከባሪዎችም «ይህ ሰው ከየት ነው የሚያውቀው?» ብለው ይከቡታል። እውነቱን ቢናገር ማን ያምነዋል?

በአገራችን በቅሎን «አባትህ ማነው?» ቢሉት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለ ይባላል። ፍራንሲስ ግን ተቃራኒው ነው፣ በዘሩ ቅንጣት አያፍርም። እንዲያውም እነዚያ ዘራቸው ተቆጥሮ፣ ተመዝግቦ፣ በብዙ ሺህ ብር የሚሸጡትን ፈረሶች እንደ ልጅ ይመክራቸዋል። በራሱ መተማመን ያጣውን ፈረስ አበረታትቶ የሚያሯሯጠው እሱ ነው። ድምፁን የሰጠው ቺል ዊልስ ነው። ያ የተጎተተና የሰለቸ አነጋገር ባይኖር ፊልሙ ባልቆመ ነበር።

ከ1950 እስከ 1956 ሰባት የፍራንሲስ ፊልሞች ተሠርተዋል። ለፊልም እንስሳት በ1951 የተጀመረውን የፓትሲ ሽልማት በመጀመሪያ የወሰደችውም ይህችው በቅሎ ናት። «ናት» ያልኩት ሞሊ የምትባል ሴት በቅሎ ስለነበረች ነው። ዳይሬክተሩ አርተር ሉቢን በኋላ «ሚስተር ኤድ» የተባለውን የሚናገር ፈረስ ተከታታይ ለቴሌቪዥን አመጣ።

ካፕራ_ወዳጅ

ሁላችሁም ትልቁን ረሳችሁት፤ «ራይዲንግ ሃይ»፣ 1950፣ ፍራንክ ካፕራ፣ ቢንግ ክሮስቢ።

ካፕራ ይህንኑ ታሪክ በ1934 «ብሮድዌይ ቢል» ብሎ ሠርቶት ነበር፣ ግን አልረካም። ዋናው ተዋናይ ዋርነር ባክስተር ፈረስ ይፈራ ነበር። ለፈረሱ ሲል ሥራውን፣ ትዳሩንና የአማቱን ሀብት የሚተው ሰው ሆኖ የሚጫወት ተዋናይ ፈረሱን ለመዳሰስ ከፈራ ምኑን ፊልም ሆነ? ክሮስቢ ግን በእውነት የፈረስ ሰው ነው። የእሽቅድምድም ፈረሶች ነበሩት። ካሊፎርኒያ ውስጥ ዴል ማር የተባለው ሜዳ በ1937 ሲከፈት ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኖ የመጀመሪያዎቹን ተመልካቾች በር ላይ ቆሞ ተቀብሏል። በማግስቱ ዓመት እዚያው ሜዳ ላይ ሲቢስኬትና ሊጋሮቲ ለብቻቸው ሲጋጠሙ ሊጋሮቲ የክሮስቢ ወገን ፈረስ ነበር፤ በአፍንጫ ብቻ ተቀደመ። ይህ ሰው ፈረስ ሲያቅፍ የምታዩት ትወና ብቻ አይደለም።

አንድ ትዕይንት ልንገራችሁ። አንድ ከበርቴ ሆስፒታል ተኝቶ ነርሷን ሁለት ዶላር ይሰጥና «ብሮድዌይ ቢል ላይ አስይዢልኝ» ይላታል። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ሁለቱ ዶላር እየበዛ፣ እየበዛ፣ ሺዎች ይሆናል። እሱ ካስያዘ ያውቃል ብሎ ሕዝቡ ሁሉ ብሮድዌይ ቢል ላይ ያፈሳል። የውርርድ አሠራር ለማያውቅ ሰው፦ አንድ ፈረስ ላይ የሚያስይዘው ሲበዛ ቢያሸንፍ የሚከፈለው ያንሳል። እናም ማንም ያልቆጠረው ፈረስ አንድ ሩጫ ሳይሮጥ በወሬ ብቻ የቀኑ ተስፋ ሆነ። ካፕራ ይህን ያሳየው ፊት ለፊት፣ ከስልክ ወደ ስልክ፣ ከመስኮት ወደ መስኮት እየዘለለ ነው። የወሬን ጉዞ እንደዚህ አጥርቶ ያሳየ ኮሜዲ አላየሁም።

ጥቁርና_ነጭ

@ካፕራ_ወዳጅ የሁለቱ ዶላር ትዕይንት ላይ እስማማለሁ፤ ድንቅ ነው። ግን «ራይዲንግ ሃይ»ን ከቀላል ኮሜዲ ልቆጥረው አልችልም። (መጨረሻውን ማወቅ የማትፈልጉ ይህን አንቀጽ ዝለሉ።) ፈረሱ አሸንፎ መስመሩ ላይ ወድቆ ይሞታል! ጋላቢው ጉቦ በልቶ ልጓሙን ወደኋላ እየሳበ፣ ፈረሱ ግን እምቢ ብሎ፣ ልቡ እስኪፈነዳ ሮጦ። ሰዓት ተኩል ሙሉ አስቆ እንዲህ የሚያደርግ ፊልም ጥሩ ፊልም ሊሆን ይችላል፣ ደክሞኝ ስገባ የማየው ግን አይደለም። በ«ጋሎፒንግ ሜጀር» ውስጥ ሰው ይወድቃል፣ ይጠፋል፣ ይዋረዳል፣ ግን ማንም አይቀጣም። እኔ ለእንዲህ ያለው ቸርነት ከፍ ያለ ዋጋ እሰጣለሁ።

ካፕራ_ወዳጅ

ያ ሞት ባይኖር ግን የክሮስቢ ፍቅር ምን ዋጋ አለው? ፈረሱ የሮጠው ለገንዘብ አይደለም። ጉቦም አያውቅም፣ ውርርድም አያውቅም። ከሰዎቹ ሁሉ ንጹሕ እሱ ብቻ ነበር። ካፕራ ይህን ነው ያሳየን። አልስማማም፣ እስከ ነገም አልስማማም።

ሐረግ_ፓሪስ

በመሀል ልግባ። ከፈረንሳይ አንድ አለኝ፦ «ለ ጄንትልማን ዴፕሶም»፣ 1962። ዣን ጋባን፣ ከሉዊ ደ ፊኔስ ጋር፤ ዳይሬክተሩ ዢል ግራንዢዬ፣ ንግግሩን የጻፈው ሚሼል ኦዲያር።

የሚገርመው ይህም ጡረታ የወጣ የፈረሰኛ መኮንን ነው። ግን ከእናንተ ሻለቃ ጋር አይገናኙም። የጋባኑ ሰውዬ ሱፉን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ፓሪስ ባለው በሎንሻን የእሽቅድምድም ሜዳ ይቆማል። ለአንዱ የዋህ «የውስጥ ወሬ አለኝ፣ ይህ ፈረስ ነው የሚያሸንፈው» ይለዋል፣ ለሁለተኛው ሌላ ፈረስ፣ ለሦስተኛው ሌላ። ከሁሉ አንዱ ፈረስ ማሸነፉ አይቀርም። ያሸነፈለት ሰው በደስታ ገንዘብ ያካፍለዋል። የከሰሩት ደግሞ ሳምንት ሌላ ምክር ፈልገው ይመለሳሉ። ምግብ ቤት ያለው ደ ፊኔስ በዚህ ወጥመድ ሲገባ፣ ሲወጣ፣ እንደገና ሲገባ ማየት ነው።

ጋባን ራሱም ኖርማንዲ ውስጥ ከብትና የሶምሶማ እሽቅድምድም ፈረሶች ያረባ ነበር፤ ሙላን ላ ማርሽ ላይ የእሽቅድምድም ሜዳ አሠርቷል። ፈረስ የሚመለከትበትን ዓይን አስተውሉት፤ ሰዎቹን ያታልላል፣ ፈረሱን ሲያይ ግን ፊቱ ይለወጣል።

@ጥቁርና_ነጭ «ዋናው ገንዘቡን ያዋጣው ሰው ነው» ያልከው በዚህ ፊልም በደንብ ይሠራል፣ የሚዋጣው በማታለል መሆኑ ነው እንጂ።

ጋሽ_ባለ_ካሜራ

ልጆቼ፣ ደስ የሚል ጨዋታ ይዛችኋል። እኔ በንጉሡ ጊዜ ጃንሜዳ የፈረስ እሽቅድምድም ሲካሄድ ያየሁ ሰው ነኝ፣ አንድ ነገር ልጨምር።

በእኛ አገር ሰው በፈረሱ ስም ይጠራል። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። በዚህ በእንግሊዞቹ ፊልም ደግሞ ፈረሱ በሻለቃው ተጠራ። እኔን በጣም ያሳቀኝ እዚህ ላይ ነው። ፈረሱ ሜዳ ሲገባ የሚጠራው የባለ ሱቁ ማዕረግ ነው፤ ፈረሱ ቢወድቅ ሻለቃው ወደቀ፣ ፈረሱ ቢዘል ሻለቃው ዘለለ ሊባል ነው። የስም ነገር እንዲህ ሲያያዝ ክብሩም ውርደቱም የጋራ ይሆናል፤ ይህን የእኛ ሽማግሌ ሁሉ ይረዳዋል።

ጥቁርና_ነጭ

ጋሼ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። እግዜር ይስጥልኝ። ሲጋልቡ ያይዋቸው የነበሩት ፈረሶች የማን ነበሩ?

ጋሽ_ባለ_ካሜራ

የክቡር ዘበኛም ነበሩበት፣ የግል ሰዎችም፣ የውጭ ዜጎችም። እኔ ግን ልጅ ነበርኩ፤ ዓይኔ ፈረሱ ላይ እንጂ ባለቤቱ ላይ አልነበረም።

ወይዘሪት_ጥያቄ

አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። ፊልሙን ትናንት ጀመርኩት። ሱቅ የሚጠብቅ ጡረተኛ ሰው በግራንድ ናሽናል ሊጋልብ? ያ እኮ በዓለም ከባዱ ውድድር ነው ይባላል። ኮሜዲም ቢሆን ትንሽ እውነት ይፈልጋል።

አንፊልድ_አካባቢ

እህቴ፣ እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም፤ ግራንድ ናሽናል የሚካሄድበት፣ ሊቨርፑል ያለው ኤንትሪ ሜዳ ከቤቴ ብዙም አይርቅም፣ በየሚያዝያው ከተማው ሁሉ ስለ እሱ ነው የሚያወራው።

ግራንድ ናሽናል ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል፣ ሠላሳ ጊዜ መሰናክል ይዘለላል። ከባድ ነው፣ እውነትሽን ነው። ግን ለሙያተኛ ብቻ የተዘጋ አይደለም፤ ለደስታው የሚጋልብ ሰው ፈቃድ ካገኘ ይገባል። በ2022 ኖብል ዬትስን ጋልቦ ያሸነፈው ሳም ዌሊ ኮኸን ደመወዝተኛ ጋላቢ አልነበረም፤ ለአንድ ፓውንድ ውርርድ ሃምሳ በሚከፈልበት ፈረስ ነው ያሸነፈው።

ከሱ በፊት ደግሞ የስፔኑ የአልቡኬርኬ መስፍን አለ። ከልጅነቱ ጀምሮ ይህን ውድድር ማሸነፍ ሕልሙ ነበር። በ1952፣ ማለትም ፊልሙ በወጣ በዓመቱ፣ ገባና ወድቆ የጀርባ አጥንቱ ተሰነጠቀ። ተመለሰ። እንደገና ወደቀ። እንደገና ተመለሰ። በ1974 ሃምሳ ዓመት አልፎት፣ ገና ባልዳነ ስብራት ላይ ፈረስ ላይ ወጥቶ ስምንተኛ ሆነ። ሻለቃ ሂል ከእሱ ጋር ሲተያይ ጭምት ሰው ነው!

የውጤቱንም ነገር ላንሳ። በ1928 አርባ ሁለት ፈረሶች ተነሥተው ሳይወድቅ የጨረሰው ቲፐራሪ ቲም ብቻ ነበር፣ ለአንድ መቶ የሚከፈልበት። በ1951፣ ፊልሙ በወጣበት ዓመት፣ አነሣሡ ተበላሽቶ ብዙዎቹ በመጀመሪያው መሰናክል ወደቁ፤ የጨረሱት ሦስት ብቻ ናቸው። በ1956 የንግሥቲቱ እናት ፈረስ ዴቨን ሎክ እየመራ፣ መስመሩ ሃምሳ ሜትር ያህል ሲቀረው፣ ምንም መሰናክል በሌለበት በሆዱ ተዘረጋ። በ1967 ደግሞ ከፊት ያለ ጋላቢ የሌለው ፈረስ በሃያ ሦስተኛው መሰናክል ላይ ተሻግሮ ሮጠና ሁሉንም አጋጫቸው፤ ፎይናቨን እጅግ ወደኋላ ቀርቶ ስለነበር ሁሉን አይቶ፣ ቀዳዳ ፈልጎ፣ ዘሎ አለፈ። አሸነፈ። እሱም ለአንድ መቶ ነበር። ፊልሙን እስከ መጨረሻው ያያችሁ ይህን ለምን እንዳመጣሁት ታውቃላችሁ።

ስለዚህ በኤንትሪ «አይሆንም» የሚባል ነገር የለም። ኮሜዲ ጸሐፊ የሚፈልገውን ሁሉ ሜዳው ራሱ ጽፎ ያስቀምጥለታል።

ወይዘሪት_ጥያቄ

እሺ፣ ተረታሁ። የመስፍኑ ታሪክ ራሱን የቻለ ፊልም ነው። ግን አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ የፈረሶቹ መውደቅስ? ልጆቼ አብረውኝ እያዩ ነው፣ የትንሿ ዓይን እንባ አቀረረ።

አንፊልድ_አካባቢ

የልጅሽ ስሜት ትክክል ነው፣ እዚህም ብዙ ሰው ይጋራታል። በእውነተኛው ውድድር ብዙ ፈረሶች ሞተዋል። በዚህ የተነሣ መሰናክሎቹ ተሻሽለዋል፣ ውስጣቸው የነበረው ደረቅ እንጨት በሚለጠጥ ፕላስቲክ ተተክቷል፣ በ2024ም የተሳታፊው ቁጥር ከአርባ ወደ ሠላሳ አራት ወርዷል። ይበቃል አይበቃም በሚለው ላይ በየዓመቱ ክርክር አለ። ለልጅሽ ግን ፊልሙን አትፍሪ፣ ታሪኩ ፈረሱን የሚወድ ታሪክ ነው። «ራይዲንግ ሃይ»ን ግን ካደገች በኋላ።

ካፕራ_ወዳጅ

በዚህ ላይ ብቻ እስማማለሁ።

ሶስና_ለንደን

@ጥቁርና_ነጭ ለሐሳብህ አንድ ተጨማሪ ማስረጃ። እናቶቻችን እቁብ ሲጥሉ የገንዘቡን ያህል ሰኞ ሰኞ መገናኘቱን ይፈልጉታል። በፊልሙ ውስጥም ፈረሱ ከመምጣቱ በፊት ሰፈሩ በየቤቱ ዘግቶ የተቀመጠ ነበር፤ ፓውንዱ ከተዋጣ በኋላ ነው በር የሚንኳኳው። ባለቡና ቤቷን የምትጫወተውን ጆይስ ግሬንፌልን ተመልከቱ። ስለ ፈረስ የምታውቀው ነገር የለም፣ ግን ከማንም በላይ ትጨነቅለታለች።

ደራሽ

አየሁት! በግርጌ ጽሑፍ፣ እየቆምኩ እየቀጠልኩ። አንድ ሰዓት ከሃያ ምናምን ደቂቃ ነው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ።

ወንድሜ ጥቁርና ነጭ፣ በሐሳብህ ግን አልስማማም። «እሽቅድምድሙ ሰበብ ነው» ብለሃል። ለእኔ ፈረሱ ነው ዋናው። ፈረሱ ጠፍቶ ፊልም የሚቀረጽበት ስቱዲዮ ውስጥ የሚገባበት ቦታ አለ አይደል? እዚያ ያለው ሰው ሁሉ የሚያስመስል ነው፤ ልብሱም፣ ግድግዳውም፣ ጩኸቱም የውሸት። ፈረሱ ብቻ ነው እውነተኛው። እኔ እዚያ ላይ ከወንበሬ ልወድቅ ነበር የቀረኝ። ሰዎቹን አውጥተህ ፈረሱን ብታስቀር ፊልሙ ይኖራል፤ ፈረሱን ብታወጣ አይኖርም።

ጥቁርና_ነጭ

@ደራሽ ስላየኸው ደስ ብሎኛል፣ ስለተከራከርከኝም። ግን ሰዎቹን አውጥተህ ፈረሱን ብታስቀር የሚጠፋ ፈረስ ይኖርሃል፣ የሚፈልገው ሰው አይኖርህም። ሳቁ ያለው ፍለጋው ላይ ነው።

ቅዳሜ የጋባኑን አያለሁ። @ሐረግ ጥሩ የግርጌ ጽሑፍ ያለው ቅጂ የምታውቂ ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። @የፒያሳው የበቅሎዋን ሰባቱንም ፊልም ያለህ ይመስለኛል፤ ከየትኛው ልጀምር?

የፒያሳው

ከመጀመሪያው፣ ከ1950ው። እዚያ ፍራንሲስ ገና ወታደር ቤት ነው ያለው፣ በርማ ውስጥ። ከኦኮነር ጋር የተዋወቁት በዚያ ነው። እሱን ሳታይ ወደ እሽቅድምድሙ ብትሄድ አንድ መኮንን ለምን ከበቅሎ ምክር እንደሚቀበል አይገባህም። የመጨረሻውን፣ የ1956ቱን ግን ተወው፤ ኦኮነርም የለበትም፣ የቺል ዊልስ ድምፅም የለበትም።